የፊት ገጽ አስተያየት

የ1967 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ዕለት ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስለ ወሎ ረሃብ የተሠራ ፊልም አሳየ። ፊልሙን ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ሲሆን፣ ጥቅምት 1966 ላይ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ አነጋግሮ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የታየው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ደርግ በረሃብተኞቹ ምስል መሀል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሻምፓኝ የሚጠጡ መኳንንት፣ ከብር ሳህን ሥጋ የሚቀርብላቸው የንጉሡ ውሾች እያስገባ ቀጣጥሎታል። በማግስቱ ጠዋት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር። ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ ግን ዜና እየነገረ አልነበረም፤ ፍርድ እየሰጠ ነበር። ደግሞ ይህ እንዲህ ሊሠራ የቻለው ከዚያ በፊት ሌላ ፍርድ ስለ ነበረ ነው። በ1965 ወሎ ሲያልቅ የመንግሥት ጋዜጦች ዝም ብለዋል። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ደሴና አካባቢዋ ደርሰው ያዩትን በፎቶግራፍ ሲያሳዩ፣ የዋና ከተማዋ ጋዜጦች የንጉሡን ጉብኝትና ሹመት ይጽፉ ነበር። በዚያ ሁሉ የጉብኝት ዜና ውስጥ አንድም ሐሰት የሆነ ዓረፍተ ነገር ላይኖር ይችላል።

ዜናን ከአስተያየት መለየት ይቻል እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚያስበው ቃላትን ስለ ማጽዳት ነው። «አሳፋሪው ውሳኔ» ከሚለው ላይ «አሳፋሪውን» ብናነሣ፣ «ጀግናው ሠራዊት» ከሚለው «ጀግናውን» ብናስቀር ንጹሕ ዜና የሚቀር ይመስለናል። ያ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ጥሩ አራሚ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። አስተያየት ግን ከቃሉ በፊት ነው የሚገባው፦ ምን እንደሚዘገብ ሲመረጥ፣ ማን እንደሚጠየቅ ሲወሰን፣ የትኛው የፊት ገጽ ላይ፣ የትኛው ከማስታወቂያ ሥር እንደሚውል ሲደለደል። ርዕሰ አንቀጹ ቢያንስ ስሙን ጽፎ ይመጣል። የፊት ገጹ አስተያየት ስም የለውም።

ጋዜጣ ገለልተኛ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነበሩት የአሜሪካ ጋዜጦች በግልጽ የፓርቲ ልሳኖች ነበሩ፤ አንባቢው የሚገዛውም ያንኑ አውቆ ነው። የኒው ዮርክ ጋዜጦች እ.ኤ.አ. በ1846 በሜክሲኮ ጦርነት ጊዜ ወጪ ለመጋራት የመሠረቱት አሶሼትድ ፕሬስ ለዴሞክራቱም ለተቃዋሚውም ጋዜጣ አንድ ዓይነት ዜና ይልክ ስለ ነበር፣ ሁሉንም የማያስቀይም ደረቅ አጻጻፍ ከዚያ ተወለደ የሚሉ አሉ። የታሪክ ምሁራን በዚህ አይስማሙም፤ እኔም ሽቦው ብቻውን ይህን ያህል ይሠራል ብዬ አላምንም። የበለጠ የሚያሳምነኝ የገንዘቡ ታሪክ ነው። አዶልፍ ኦክስ እ.ኤ.አ. በ1896 ሊከስር የተቃረበውን ኒው ዮርክ ታይምስ ሲገዛ፣ ፑሊትዘርና ኸርስት በጩኸት ዜና በመቶ ሺዎች ይሸጡ ነበር። ኦክስ በጩኸት ሊያሸንፋቸው አይችልም ነበር። ስለዚህ ያለ ፍርሃትና ያለ አድልዎ ዜና እንደሚያቀርብ ቃል ገባ፤ ነጋዴው፣ ጠበቃውና ባንከኛው አነበበው፤ ጋዜጣው ዳነ። ቃሉ ልባዊ ሊሆን ይችላል። ገበያም ነበረው።

ይህን ቃል በማስረጃ ከፈተኑት ቀዳሚዎቹ ዋልተር ሊፕማንና ቻርልስ መርዝ ናቸው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1920 ኒው ሪፐብሊክ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ዛሬም ቢነበብ አይሰለችም። የሠሩት ቀላል ነገር ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. ከማርች 1917 እስከ ማርች 1920 ስለ ሩሲያ አብዮት የጻፈውን ሰብስበው፣ በኋላ ማንም ከማይክዳቸው ጥቂት ትልልቅ ክስተቶች ጋር አስተያዩት። ጋዜጣው ለማን አደላ ብለው አልተከራከሩም። የጠየቁት አንባቢው የተነገረውን አምኖ ቢሆን ኖሮ ስለሚሆነው ነገር በትክክል ይገምት ነበር ወይ ብለው ነው። ጋዜጣው የቦልሼቪክ መንግሥት ሊወድቅ ነው ወይም ወድቋል ሲል 91 ጊዜ መጻፉን ቆጠሩ። መንግሥቱ ከዚያ በኋላ 70 ዓመት ኖረ።

የጥናቱ ዋና ግኝት ግን ቁጥሩ አይደለም። ሁለቱ ጸሐፊዎች ሸር ወይም ጉቦ ፈልገው አላገኙም። ያገኙት ዘጋቢዎቹና አዘጋጆቹ ሊያዩ የሚመኙትን እንዳዩ፣ የሚፈሩትን እንደጻፉ ነው። ሰነፍና ታማኝ ሰው፣ ከማይታወቅ ባለሥልጣን ሹክሹክታ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ውጤት ይህ ነበር። ሊፕማን ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ዛሬ በስሙ ከሚነገረው ይለያል። ጋዜጠኛ ስሜት የሌለው ፍጡር ይሁን አላለም፤ ስሜት የሌለው ሰው እንደማይገኝማ ጥናቱ ራሱ አሳይቶታል። ስሜቱን ማጥፋት ስለማይቻል የሥራው ዘዴ ይጥበቅ፣ ማስረጃው ይመርመር፣ ምንጩ ይመዘን ነው ያለው። ይህን የሚለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1918 ለአሜሪካ ጦር ፈረንሳይ ውስጥ የፕሮፓጋንዳ ወረቀት ያዘጋጅ የነበረ መሆኑን እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል፤ ዜና እንዴት እንደሚታሽ ከውስጥ ያውቀዋል። ጓደኛው መርዝ ደግሞ በኋላ የዚያው የኒው ዮርክ ታይምስ የርዕሰ አንቀጽ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቷል።

በአትላንቲክ ማዶ የማንቸስተር ጋርዲያን አዘጋጅ ሲ. ፒ. ስኮት እ.ኤ.አ. በ1921 አስተያየት ነጻ፣ እውነታ ግን የተቀደሰ ነው የሚለውን ሐሳብ ጽፎ ለዓለም አስተላለፈ። በየጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቱ ይጠቀሳል። ስኮት ጋዜጣውን እያዘጋጀ ለ11 ዓመት ያህል የሊበራል ፓርቲ የፓርላማ አባል እንደ ነበር ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ከሊፕማን በኋላ የሆነው ነገር የሚያሳዝን ነው። ዘዴ ይሁን የተባለው ሥርዓተ አምልኮ ሆነ። የሶሺዮሎጂ ባለሙያዋ ጌይ ተክማን እ.ኤ.አ. በ1972 ዜና ክፍል ገብታ ያየችውን ስትጽፍ፣ ዘጋቢዎች የትእምርተ ጥቅስ ምልክትን፣ «በሌላ በኩል» የሚለውን አንቀጽ፣ «እንደ ተናገሩት» የሚለውን ሐረግ የሚጠቀሙት እውነትን ለማግኘት ሳይሆን ከክስና ከአለቃ ቁጣ ለመዳን እንደሆነ አሳየች። አንድ ሰው ተናገረ ማለት ሁልጊዜ እውነት ነው፤ የተናገረው ነገር እውነት ባይሆንም።

ይህን ቀዳዳ ከሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ የተሻለ የተጠቀመበት የለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1950 ዊሊንግ በተባለች የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ ቆሞ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተሰገሰጉ 205 ኮሚኒስቶች ዝርዝር በእጄ ነው አለ። በቀናት ውስጥ ቁጥሩ 57 ሆነ፣ ከዚያም 81። ጋዜጦቹ እያንዳንዱን ቁጥር ሴናተሩ እንዳለው አድርገው፣ ምንም ሳይጨምሩ፣ ምንም ሳይቀንሱ አተሙት። የገለልተኝነትን ሕግ አልጣሱም። የብዙ ሰው እንጀራ ግን በዚያ ሕግ ምክንያት ተቋረጠ።

እኛ ይህን ዘይቤ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የመንግሥት ዜና ሰምቶ ያደገ ሰው «ገለጹ»ን፣ «አስታወቁ»ን፣ «አሳሰቡ»ን በጆሮው ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ሚኒስትሩ ገለጹ፣ ኃላፊው አስታወቁ፣ የስብሰባው ተሳታፊዎች ቃል ገቡ። በዚያ ዜና ውስጥ የዘጋቢው አስተያየት ተብሎ የሚነቀስ አንድ ቃል አይገኝም። ከዳር እስከ ዳር ግን የመንግሥት አስተያየት ነው። የአስተያየት ቃል አለመኖር ዋስትና እንደማይሆን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የትም አገር መፈለግ አያስፈልግም።

ሁለቱንም ወገን ማስተናገድ መፍትሔ ነው የሚለውም በራሱ ወጥመድ አለው። ማክስዌል ቦይኮፍና ጁልስ ቦይኮፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት አራት ታላላቅ የአሜሪካ ጋዜጦች ከ1988 እስከ 2002 ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ካወጡት ጽሑፍ 636ቱን መረመሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 53 በመቶ ያህሉ፣ ሰው ሙቀቱን አባብሷል ለሚለው ወገንና የተፈጥሮ ለውጥ ነው ለሚለው ወገን እኩል ቦታ ሰጥተዋል። ሳይንቲስቶቹ ግን እኩል አልተከፈሉም ነበር። አንዱ እየዘነበ ነው፣ ሌላው ፀሐይ ነው ቢሉ የዘጋቢው ሥራ ሁለቱንም መጥቀስ ሳይሆን መስኮት ከፍቶ ማየት ነው። ሚዛን ሲያዝ የሚመዘነው ነገር ክብደትም ይታያል እንጂ ሁለቱ ሳህኖች እኩል እንዲሆኑ በጣት አይጫኑም።

ሌላው፣ ለእኛ የሚቀርበው፣ የ1977ቱ ረሃብ ነው። ማይክል በርክና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ተነቃነቀ፤ ለረሃቡ የተዜመው የእርዳታ ዘፈንም፣ ከወራት በኋላ የሆነው ታላቅ ኮንሰርትም ከዚያ መጣ። ስሜት ያለበት ዘገባ ነበር፤ ስሜት በሌለው ቃል ቢነገር ኖሮ ማንም ባልሰማ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚያከራክረው ስሜቱ ሳይሆን ከሥዕሉ ውጭ የቀረው ነው። ትግራይና ሰሜን ወሎ ላይ ጦርነት ነበር፤ መንግሥት በያዘው ጸረ ሽምቅ ዘመቻ ገበያና መንገድ ተዘግቷል። ተመራማሪው አሌክስ ደ ዋል ከዓመታት በኋላ የረሃቡ ትልቁ ምክንያት ጦርነቱ እንደሆነ ሲጽፍ፣ የቢቢሲ የቀድሞ ጋዜጠኛ ሱዛን ፍራንክስ ደግሞ መገናኛ ብዙኃኑ ድርቁን አጉልተው ፖለቲካውን እንዴት እንዳሳነሱት በመጽሐፍ አሳይታለች። ተመልካቹ ከሰማይ የመጣ መቅሠፍት አየ። መቅሠፍት ደግሞ ተጠያቂ የለውም። ዘጋቢዎቹ ይህን ለማለት አስበው ይሆን? አይመስለኝም። ወደ ኮረም ያደረሳቸው ፈቃድ የመንግሥት ነው፤ በዚያ ፈቃድ ካሜራው የሚደርስበት ቦታም የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ትላልቆቹ ጋዜጦች የሚመኩበትን ግድግዳ ማንሣት ይገባል። ኒው ዮርክ ታይምስ የዜናና የአስተያየት ክፍሎቹን በተለያዩ አለቆች ሥር ያስተዳድራል፤ የውጭ ጸሐፊዎች የሚጽፉበትን የአስተያየት ገጽ የከፈተው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1970 ነው። ዎል ስትሪት ጆርናልም እንዲሁ፤ ርዕሰ አንቀጹና ዜናው አንዳንዴ የሁለት ጋዜጦች ይመስላሉ። ግድግዳው የሚጠቅመው ባለቤቱ ዜና ክፍል ገብቶ እንዳያዝዝ ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። ለአንባቢው ግን የሚታሰበውን ያህል አይታይም። ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ከ5,000 በላይ አሜሪካውያንን ጠይቆ፣ የቀረቡላቸውን አምስቱንም የእውነታ ዓረፍተ ነገሮች እውነታ ብለው የለዩት 26 በመቶ፣ አምስቱንም የአስተያየት ዓረፍተ ነገሮች አስተያየት ብለው የለዩት 35 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷል። ሰው በስልኩ የሚያነበው ነጠላ ጽሑፍ ደግሞ የትኛው ገጽ ላይ እንደወጣ የሚነግረው የለም።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍልን ሲሰማ የኖረ አድማጭ ከብዙ አሜሪካዊ ይሻላል። ከዜናው በኋላ ቀጥሎ የሚቀርበው ርዕሰ አንቀጽ የአሜሪካን መንግሥት አቋም እንደሚያንጸባርቅ በግልጽ ይነገረው ነበር። ጣቢያው የሚመራበት እ.ኤ.አ. የ1976ቱ ሕግ ዜናው ትክክለኛና ከአድልዎ የጸዳ እንዲሆን ያዛል፤ በዚያው ሕግ የአሜሪካን ፖሊሲ በግልጽ እንዲያቀርብም ያዛል። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ጣራ ሥር እንደማይኖሩ የሚያምኑ ነበሩ፤ አቶ መለስ ዜናዊ በመጋቢት 2002 ጣቢያውን የሩዋንዳን እልቂት ካቀጣጠለው ራዲዮ ጋር አመሳስለው ሥርጭቱ ሲታፈን ሰምተናል። ንጽጽሩ ፈጽሞ ፍትሐዊ አልነበረም። ነገር ግን «ማን ነው የሚከፍለው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሲጠየቅ ማለቴ ነው።

የእኛ አገር ጋዜጣ ታሪክ ከዚህ ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም። አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ሲወጣ የመንግሥት ነበር፤ መንግሥቱ ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ ጋዜጣው ስሙን ሳይቀይር አቋሙን እየቀየረ ዘልቋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል። የተጻፈው ጥሩ ነው። በሥራ ላይ ግን «ልማታዊ ጋዜጠኝነት» የሚል መርሕ መጥቶ፣ መንገድና ግድብ መዘገብ የዜጋ ግዴታ፣ የተበላሸውን መንገድ መዘገብ ግን አፍራሽነት መሰለ። በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የሚሠሩ ጋዜጠኞችን ያጠናው ኖርዌያዊ ተመራማሪ ቴርየ ሼርዳል ራስን ሳንሱር ማድረግ ምን ያህል የተለመደና ምን ያህል ምክንያት የሚደረደርለት እንደሆነ ጽፏል። ማንም ቀይ እስክሪብቶ ይዞ አይቆምባቸውም። አያስፈልግም።

በጥቅምት 1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ የግል ጋዜጦችን ሲፈቅድ፣ በሌላው ጽንፍ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ብዙዎቹ በብዕር ስም፣ በቁጣና በወሬ የተሞሉ ነበሩ፤ ይህ ወቀሳ ተደጋግሞ ተነግሯል። የማይነገረው ሚዛናዊ ለመሆን የሚያስፈልገውን ነገር ማግኘት እንዳልቻሉ ነው። ባለሥልጣን ለግል ጋዜጣ አይናገርም፣ ወደ መግለጫ አይጠራም፣ ስልክ አያነሣም ነበር። ከዚያ በኋላ የአንድ ወገን ዘገባ አወጣችሁ ተብለው ይከሰሱ ነበር። ሚዛን የጸሐፊው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ሌላኛው ወገን መልስ የመስጠት ግዴታ የሚሰማው አገር ይፈልጋል። በጥቅምት 2013 ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲጀመርም ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ጋዜጠኛ እንዳይገባ ተከለከለ። የመንግሥት ዜና «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» አለ፣ የባላንጣው ጣቢያዎች የራሳቸውን አሉ፤ በመሃል ሄዶ የሚያጣራ ስላልነበረ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው ሁሉ የወደደውን መረጠ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንባቢው አንድ ልማድ አዳብሯል። ዜናውን ከመስማቱ በፊት «የማን ነው?» ይላል። ማታ ዶቼ ቬለን ይሰማል፣ የሁለት ሰዓቱን ዜና ያያል፣ ከዲያስፖራው ጣቢያ የመጣውን ያክልበታል፣ ከዚያ ራሱ ያማክላል። ብልህ ልማድ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ሁሉም የአንድ ወገን ነው ብሎ ያመነ ሰው እውነተኛ ዘገባ ሲመጣም የማን እንደሆነ ጠይቆ ይጥለዋል። ሥልጣን ላይ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ አንባቢ አይገኝም።

ገለልተኝነት ይቅር የሚሉት ሰዎች ይህን ዋጋ በቅጡ የቆጠሩት አይመስለኝም። ጥቁር አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዌስሊ ላወሪ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020፣ ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ፣ ገለልተኛ የሚባለው እይታ የነጭ አዘጋጆች እይታ ሆኖ እንደኖረ፣ ምን «አከራካሪ» ምን «የታወቀ» እንደሆነ የሚወስኑት እነርሱ እንደሆኑ ጻፈ። ልክ ነው፤ የቱንም ያህል ብፈልግ የምከራከርበት አላገኝም። በዋሽንግተን ፖስት አለቃው የነበረው ማርቲን ባሮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 መልሱን ሰጠ፦ ገለልተኝነት ማለት ባዶ ጭንቅላት ይዞ መሄድ ሳይሆን አስቀድሞ ያመኑትን ለማስረጃ አሳልፎ መስጠት ነው አለ። ይህም ልክ ነው። ሁለቱ የተጣሉት ስለ አንድ ነገር አይደለም። ላወሪ የሚናገረው ጥያቄው ከማን ቤት እንደሚነሣ ነው፤ ባሮን የሚናገረው መልሱ እንዴት እንደሚፈተሽ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ቤት ይነሣል፤ ማንም ከየትም አይዘግብም። መልሱ ግን ጠያቂው ካልወደደውም ሊታተም ይችላል፤ ለእኔ ጋዜጣን ከመግለጫ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድን ጋዜጣ ስመዝን ጸሐፊዎቹ ማንን እንደሚመርጡ አልጠይቅም። የምፈልገው የራሱን ወገን የሚጎዳ እውነታ መቼ እንዳተመና ሲሳሳት ምን እንዳደረገ ነው። በዚህ መለኪያ ከምንም በላይ የሚያስተምረው አሁንም ኒው ዮርክ ታይምስ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2002 ኢራቅ ለኑክሌር መሣሪያ የሚሆኑ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ልትገዛ ሞክራለች የሚል ዘገባ በፊት ገጹ አወጣ። ምንጮቹ ስማቸው ያልተጠቀሰ የመንግሥት ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዕሑድ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ጋዜጣውን እንደ ማስረጃ ጠቀሱት። ከራሱ መንግሥት የወጣው ወሬ ጋዜጣ ዞሮ የጋዜጣ እውነታ ሆኖ ተመለሰ። ቱቦዎቹ ለተራ ሮኬት የሚያገለግሉ እንደነበሩ በኋላ ተረጋገጠ። ጽሑፉ የወጣው በዜና ገጽ ነው፤ ቅጽል የለበትም፤ ግድግዳውም አልተነካም።

ጋዜጣው እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 2004 ለአንባቢዎቹ ማስታወሻ አወጣ። አስፈሪ ነገር የሚናገሩት ዘገባዎች ጎልተው እንደወጡ፣ እነርሱን የሚያጠያይቁት ግን አንዳንድ ጊዜ ከውስጥ ገጾች እንደተቀበሩ አምኖ ጻፈ። ማስታወሻው የታተመው በ10ኛው ገጽ ነው።